የምክር ዓምድ፦ ለአንድ ተማሪ አንድ ነጥብ ብጨምርለት ምን አለበት?

«ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ ከተማ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ አስተምራለሁ፤ ማስተማር ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በዚህ ሴሚስተር ኮስት አካውንቲንግ ያስተማርኋቸው ተማሪዎች 38 ናቸው፤ ግሬዱን ለሬጅስትራር የማስረክበው በሚመጣው ሰኞ ነው። ደምሬ ስጨርስ ዘጠኙ ከ50 በታች ሆኑብኝ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ እኩል 49 አላቸው። አንደኛው ቀን ተምሮ ማታ ከሳቢያን ለገሃር ባጃጅ እየነዳ ታናናሾቹን የሚያሳድግ ልጅ ነው። ኩዊዝ ከ10 5፣ የቡድን አሳይመንት ከ20 8፣ ሚድ ከ20 13፣ ፋይናል ከ50 23 አግኝቷል። አሳይመንቱ 16 የሚገባው ነበር፤ ቡድኑ አራት ቀን ዘግይቶ ስላስረከበ ግን ግማሹን ቆረጥሁ። በኮርስ አውትላይኑ ላይ ስለ መዘግየት የተጻፈ ነገር የለም፤ ቅጣቱን የወሰንሁት በዚያው ዕለት ነው። ሁለተኛዋ ኩዊዝ 9፣ አሳይመንት 18፣ ሚድ 8፣ ፋይናል 14 አላት፤ አጎቷ ከዚራ ሻይ ጋብዞኝ ‹አደራህን› ብሎኛል። በፋይናሉ ላይ 8 ነጥብ የያዘውን የፕሮሰስ ኮስቲንግ (በተከታታይ የሚመረት ዕቃ ወጪ ስሌት) ጥያቄ ከ38ቱ አንድም ሰው አላገኘውም። ምዕራፉን ያስተማርሁት በአንድ የቅዳሜ ሜካፕ ክላስ ሲሆን፣ በሰሌዳ የሠራሁላቸው ምሳሌ በወይትድ አቬሬጅ ነበር፤ ጥያቄው ግን በሌላው የስሌት ዘዴ፣ በፊፎ ነው። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ‹ውጤቱ ወርዷል፣ ትንሽ አስተካክለው› ይሉኛል። ለሁሉም 5 ነጥብ ልጨምር? በከርቭ፣ ማለትም ተማሪዎቹን እርስ በርስ አወዳድሬ ልስጥ? ወይስ ለባጃጅ ነጂው ብቻ አንድ ነጥብ ጨምሬ ልገላገል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከመጨረሻው ልጀምር። ለባጃጅ ነጂው ልጅ ያቺን አንድ ነጥብ አይጨምሩለት። ይህን የምልዎት ልጁ ስላላሳዘነኝ አይደለም፤ ማታ ከሳቢያን ለገሃር ሲመላለስ አምሽቶ ጠዋት ደብተር ይዞ የሚመጣ ልጅ ማንንም ያሳዝናል። ነገር ግን ከ50 በታች የሆኑት ዘጠኝ ናቸው፤ እርስዎ የሁለቱን ኑሮ ያውቃሉ፣ የሰባቱን አያውቁም። የልጁን ታሪክ ያወቁት ምናልባት አንድ ማታ ባጃጁ ላይ ስለ ተሳፈሩ ነው፤ የልጅቷንም ያወቁት አጎቷ ከዚራ አስቀምጦ ስላናገረዎት ነው። 48 አምጥታ ዝም ብላ የተቀመጠችው ተማሪ እናቷን ስታስታምም ከርማ እንደ ሆነ የነገረዎት ሰው የለም፣ እርሷም አልነገረችዎትም። ግሬድ በታሪክ የሚወሰን ከሆነ አሸናፊ የሚሆነው ታሪኩን የሚነግርለት ያለው ተማሪ ነው። እንደ ድሬ ባለ፣ ሰው ሁሉ ተዋውቆና ተቀላልዶ በሚኖርበት ከተማ ደግሞ ሰኞ የጨመሩት አንድ ነጥብ እስከ ረቡዕ ታይዋን ገበያ ደርሶ ይወራል።

ይሁንና ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው፣ እርስዎ ያስጨነቀዎት ጥያቄና በእጅዎ ያለው ችግር የተለያዩ መሆናቸውን አየሁ። እርስዎ የሚጠይቁት ስንት ልጨምር ብለው ነው። እኔ የታየኝ ግን የጻፉት 49 ራሱ ገና ያልተጣራ ቁጥር መሆኑ ነው። ስለ ምሕረት ከማሰብዎ በፊት የራስዎን ሥራ ማረም አለብዎ፤ የሚታረመውም ሁለት ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የአሳይመንቱ ቅጣት ነው። በአውትላይኑ ላይ ያልተጻፈ፣ በክፍልም አስቀድሞ ያልተነገረ፣ ወረቀቱ በዘገየበት ዕለት በንዴት የተወሰነ ቅጣት ቅጣት ሊባል አይችልም። መዘግየት ይቀጣ፣ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት «በየቀኑ ይህን ያህል ይቀነሳል» ተብሎ ካልተነገረው፣ መዘግየቱ ምን እንደሚያስከፍለው አውቆ ሊወስን አይችልም ነበር። ስለዚህ የተቆረጠውን 8 ነጥብ ይመልሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ አሳይመንቱ የቡድን ነው ብለውኛል፤ ታዲያ ሌሎቹ የቡድኑ አባላት የት ሄዱ? በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቦታ አላነሷቸውም። ውጤታቸው ምናልባት ከ50 በላይ ስለ ሆነ ዓይንዎ አልገባም፤ ነገር ግን ከእነርሱም ላይ ያው 8 ነጥብ ተቆርጧል፣ የእነርሱም ግሬድ በዚሁ ምክንያት አንድ እርከን ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሲመልሱ ለቡድኑ ሁሉ ይመልሱ፤ ሌላ የዘገየ ቡድን ካለም ለእርሱም እንዲሁ።

ሁለተኛው ያ የ8 ነጥብ ጥያቄ ነው። አንድን ጥያቄ አብዛኛው ተማሪ ቢስተው ጥያቄው ከባድ ነበር ይባላል፤ የክፍሉ አንደኛ ሳይቀር 38 ተማሪ ባዶ ሲሆንበት ግን መምህሩ ጣቱን ከተማሪው ላይ አንሥቶ ጥያቄውን ማየት አለበት። እርስዎም ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውልኛል። በወይትድ አቬሬጅ ከባለፈው ወር የተረፈው ያላለቀ ሥራ ወጪ ከዚህ ወር ወጪ ጋር ተደባልቆ አማካይ ይወጣለታል፤ በፊፎ ግን ያ የተረፈው ለብቻው ተለይቶ፣ በዚህ ወር የተሠራው ሥራ ብቻ ኢኩቫለንት ዩኒቱ (ያላለቀው ሥራ በስንት ሙሉ ዕቃ እንደሚቆጠር) ይሰላል። መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አንድ ምሳሌ ብቻ፣ ያውም በሌላው ዘዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ ሙቀት ላየ ተማሪ ግን አዲስ ትምህርት ነው። ያላስተማሩትን ፈትነዋል። ጥያቄው ከውጤቱ ይውጣ።

እንዴት ይውጣ የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ መምህራን ሲሳሳቱ አይቻለሁ። «ለሁሉም 8 ሰጥቻለሁ» ማለት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ያልተሠራን ሥራ እንደ ተሠራ መቁጠር ነው፤ ከቀሪው 42 ነጥብ ግማሹን እንኳ ያላገኘ ተማሪ በነፃ 8 ይጨመርለታል፣ በቀሪው የደከመውም ያንኑ 8 ብቻ ያገኛል። የሚሻለው ፋይናሉን ከ42 አስልቶ ወደ 50 መመለስ ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ በተማረው ላይ ባሳየው መጠን ያድግለታል። ከ42 23 ያለው 27.38 ይሆናል፤ 14 ያለው 16.67 ይሆናል። አንድ የማይታረም ጉድለት መቅረቱን ግን አልደብቅዎትም፤ በዚያ ጥያቄ ላይ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ ሌላው ጥያቄ ያመለጠው ተማሪ ይኖራል፤ ለእርሱ የምናደርግለት ነገር የለም።

አሁን እንደገና እንደምር። የባጃጅ ነጂው ልጅ 5፣ 16፣ 13 እና 27.38 አለው፤ ድምሩ 61.38 ይሆናል። በተለመደው የተቋሞቻችን እርከን ከ50 እስከ 60 ሲ፣ ከ60 እስከ 65 ሲ ፕላስ ስለ ሆነ ልጁ ሲ ፕላስ አገኘ ማለት ነው። እርስዎ በርኅራኄ ሊሰጡት ያሰቡት ሲ ነበር፤ የሚገባው ግን ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ። ያን አንድ ነጥብ ጨምረው ቢያልፉ ኖሮ እርስዎ እንደ ቸር፣ እርሱ እንደ ተመጽዋች ሆናችሁ ትለያዩ ነበር፤ የተወሰደበትም ሲ ፕላስ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ልጅቷም 9፣ 18፣ 8 እና 16.67 አላት፤ 51.67 ይሆናል፤ እርሷም ከሲ ማይነስ ወደ ሲ አለፈች። ይህ የመጨረሻው እኔን ብዙም አያስደስተኝም፤ ለምን እንደማያስደስተኝ ልንገርዎት። በራሷ ብቻ ተቀምጣ የሠራችውን ሚድና ፋይናል ለብቻ ካየነው ከ70 22 ነው። የቆመችው በኩዊዙና በቡድን አሳይመንቱ ነው። ከዘገየው ቡድን በስተቀር የሌሎቹን ቡድኖች የአሳይመንት ውጤት አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፤ ብዙዎቹ ከ17 እስከ 19 ባለው ውስጥ እንደሚታጨቁ እገምታለሁ። ሁሉም ተማሪ ያው ውጤት የሚያገኝበት ምዘና በወረቀት ላይ 20 ከመቶ ይባል እንጂ ጎበዙን ከሰነፉ አይለይም፤ ለሁሉም የሚታደል መነሻ ነጥብ ነው። ቁርጡ ያለው በሚድና በፋይናሉ ላይ ነው ማለት ነው፤ ተማሪዎችዎ ደግሞ ይህን ከእርስዎ ቀድመው ያውቃሉ፤ ከአምስቱ አንዱ ሠርቶ አራቱ ስማቸውን የሚጽፉትም ለዚህ ነው።

ሆኖም ልጅቷን በዚህ ሴሚስተር በዚህ ምክንያት ሊጥሏት አይችሉም። ምዘናውን ያወጁት እርስዎ ነዎት፤ እርሷም ባወጁት መሠረት ተመዘነች። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ግን የ20ውን አከፋፈል ይለውጡ፤ ለምሳሌ ለጽሑፉ 8፣ ለእያንዳንዱ አባል ለብቻው ለሚቀርብለት የቃል ጥያቄ 12 ያድርጉት። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ማን እንደ ሠራውና ማን እንደ ፈረመበት ይለያል።

ስለ ሻዩም ሳላነሣ አልለፍ። ልጅቷ ወደ ሲ ስታልፍ አጎቷ ሻዩ የሠራ እንደሚመስለው አይጠራጠሩ። ስለዚህ ለውጡን ከማስረከብዎ በፊት ለክፍሉ በሙሉ በግልጽ ይንገሩ፤ «ይህ ጥያቄ ወጥቷል፣ ምክንያቱም ይህ ነው፣ የዘገየው ቡድን ቅጣትም ተነሥቷል» ብለው በጽሑፍ ይለጥፉ። አጎትየው ዳግመኛ ሲደውል ደግሞ ልጅቷ ራሷ መጥታ ወረቀቷን ማየት እንደምትችል ይንገሩት፤ የሚቀጥለውን ሻይ እርስዎ ይክፈሉ።

ስለ 5 ነጥቡና ስለ ከርቩ አጭር መልስ ይበቃል። ለምን 5? ለምን 4 ወይም 7 አልሆነም? መልስ የሌለው ቁጥር ነው፤ 58 ያለውን ወደ ሲ ፕላስ ያሻግራል፣ 40 ያለውን ከዲ ወደ ሲ ማይነስ ያወጣል፤ ሁለቱም ምን ስላወቁ እንደ ሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። ከርቭ ደግሞ አንዱን ተማሪ በጎረቤቱ ውጤት መመዘን ነው። እኛ በተማርንበት ዘመን የተለመደ ነበርና ጣጣውን አውቀዋለሁ፤ ጎበዙ ኖቱን መደበቅ ይጀምራል። ያም ሆነ ይህ፣ ኮሌጅዎ የሚሠራው በቋሚ እርከን ከሆነ እርስዎ በአንድ ኮርስ ላይ ብቻዎን ከርቭ የማምጣት ሥልጣን የለዎትም።

የዲፓርትመንት ኃላፊዎን ነገር በሁለት ዓይን አየዋለሁ። «ውጤቱ ወርዷል» ማለታቸው ብቻውን ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ትክክል ሆነው ተገኝተዋል፣ ወርዶ የነበረው በእርስዎ ጥያቄና በእርስዎ ቅጣት ነበርና። «አስተካክለው» ሲሉ ግን ምን ማለታቸው እንደ ሆነ እርስዎ ይወስኑላቸው፤ አንድ ገጽ ጽፈው፣ ምን እንደ መረመሩ፣ ምን ስሕተት እንዳገኙ፣ በምን ስሌት እንዳረሙት፣ ከዚያም በኋላ ከ50 በታች የቀሩት ስንት እንደ ሆኑ ያስረክቧቸው። ከዚያ ወዲያ ተጨማሪ ነጥብ ቢጠይቁ በጽሑፍ እንዲጠይቁ በትሕትና ይንገሯቸው። ክፍያ የሚከፍል ተማሪ እንዳይርቅ መስጋታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ በዲግሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ላይ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት፤ ኮስት አካውንቲንግም በአካውንቲንጉ ፈተና ውስጥ አለ። እዚህ በለገሠነው ነጥብ እዚያ ማለፍ አይቻልም፤ ኮሌጁም ያን ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ተማሪ እንዳሳለፈ ነው።

ከታረመ በኋላም ከ50 በታች ለሚቀሩት በጣም አይጨነቁ። ሲ ማይነስ 1.75 ነው፣ ሲ 2.00 ነው። ኮርሱ ባለ 3 ክሬዲት፣ ሴሚስተሩም 17 ክሬዲት ቢሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተማሪውን የሴሚስተር አማካይ የሚለውጠው በ0.04 ገደማ ነው። የብዙ መምህር እንቅልፍ የሚሄደው በዚህች 0.04 ነው። ከዲ በታች ሊወድቅ የደረሰ ተማሪ ካለ ግን ወረቀቱን በእርግጥ ደግመው ይዩት።

ወረቀት ደግሞ ማየት ስል፣ በሐረር ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት የሠራሁትን ልንገርዎት። ጁገል ውስጥ ከፈላና በር ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ በአንድ ሌሊት ከስድሳ በላይ ወረቀት አረምሁ፤ እያንዳንዱን ተማሪ ከመጀመሪያ ጥያቄ እስከ መጨረሻ ጨርሼ ወደ ቀጣዩ አልፍ ነበር። ግሬዱ ተለጥፎ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ልጅ ቢሮ መጣ፤ አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ቲቸር፣ ጀርባውን አይተውታል?» አለኝ። አላየሁትም። ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው ሙሉ ገጽ ነበር፤ የ12 ነጥብ ጥያቄ፣ ንጹሕ አድርጎ የሠራው። ግሬዱን ለማስለወጥ ቅጽ ሞላሁ፣ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ስሕተቴን ተናዘዝሁ፤ ልጁ ግን በዚያ መሐል ዲፓርትመንት የሚመርጥበት ጊዜ አልፎበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማርመው በጥያቄ ነው፤ አንደኛውን ጥያቄ በሁሉም ወረቀት ላይ አርሜ ስጨርስ ወረቀቱን በውዤ ሁለተኛውን እጀምራለሁ። ስማቸውን አጥፌ እሸፍናለሁ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ገጽ፣ ባዶውንም ሳይቀር፣ ጥግ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ። በጥያቄ ሲያርሙ ጎበዙ በአንደኛው ያስደሰተዎት በሁለተኛው አይቆጠርለትም፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሲያርሙም የድካምዎ ዕዳ በአንድ ተማሪ ላይ ብቻ አይወድቅም። እስከ ሰኞ ሁሉንም እንደገና ለማረም ጊዜ ስለሌለዎት፣ ከአዲሱ ድምር በኋላ ከየእርከኑ ድንበር በታች በሁለት ነጥብ ውስጥ ያሉትን ብቻ፣ ስም ተሸፍኖ፣ ከተቻለም በባልደረባዎ ዓይን ይከልሷቸው። ከድንበሩ በላይ ያሉትን ለምን አንከልስም ቢሉኝ፣ ተማሪውን የጠቀመ ስሕተት የመምህሩ ዕዳ ነው ብዬ ስለማምን ነው፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

ርኅራኄው የት ይግባ ካሉኝ፣ ሴሚስተሩ ውስጥ ይግባ። ማታ የሚነዳ ልጅ እንዳለ ካወቁ የኩዊዙን ሰዓት የጠዋቱ መጀመሪያ ላይ አያድርጉት፤ ከሦስት ኩዊዝ ዝቅተኛው ለሁሉም እንደሚሰረዝ በአውትላይኑ ላይ ይጻፉ፤ የማስረከቢያ ቀን በሁለት ቀን ማራዘም የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ያውጁ። ይህ ሁሉ ታሪኩን ለሚናገረውም ለማይናገረውም እኩል የሚደርስ ነው።

ለባጃጅ ነጂው ልጅ ስለ አዲሱ ውጤት በተለይ ደውለው አይንገሩት። ከሌሎቹ ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ በመለያ ቁጥሩ ትይዩ ያየዋል።